ጎመኑ የሚተኛበት ሰዓት

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ሰው አልነበረም፤ አምፖል ነው። ጣሪያው መሃል በሽቦ ታጥሮ የተንጠለጠለ፣ የዝንብ ኩስ የነጠበበት ተራ አምፖል። ከኋላዬ ያለው እጅ ገፋ አደረገኝና በሩ ተዘጋ። ከአምፖሉ ሥር ሰዎች መኖራቸውን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። ሃያ ሦስት ሰዎች ጉልበታቸውን አቅፈው ያዩኛል። ሁሉም ያዘኑ ይመስላሉ። ያዘኑት ግን ለእኔ አልነበረም፤ ለቦታው ነው።

የታሰርኩት አንድ ወረቀት ላይ ፈርሜ ነው። የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። የሌሎቹ ፈራሚዎች ፊርማ አይነበብም፤ የእኔ ግን የሰሌዳ ጽሕፈት ስለለመደ ከሩቅ ይነበባል። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የክፍሉ ተጠሪ መኝታዬን በስንዝር ለካልኝ። ሁለት ስንዝር ተኩል። በጎን ካልሆነ አያስተኛም። አንዱ ጎኑ ሲደክመው «ዙር!» ይላል፤ ሃያ አራታችንም እኩል እንዞራለን። ያልዞረ ይዞራል።

ይህንንስ ለመድኩት። ያልለመድኩት አምፖሉን ነው። ቀንም ሌሊትም ይበራል። መስኮት የለም። ሦስት ቀን የሞላኝ ሲመስለኝ ለተጠሪው ነገርኩት፤ «አይ፣ ገና ሁለተኛህ ነው» አለኝ። ጎኑ ያለው ሰው ደግሞ አራተኛዬ ነው ብሎ ተከራከረ። በኔ ዕድሜ ላይ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ቁጭ ብዬ አየሁ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ማታ የነበራቸው አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። አባባ እንላቸዋለን። ሆለታ አካባቢ ጎመንና ድንች የሚያለሙ ገበሬ ነበሩ። ለመሬት ክስ ከተማ መጥተው የወንድማቸው ልጅ ቤት አደሩ፤ ልጁን ሊይዙ የመጡት ሰዎች እሱን ሲያጡት እሳቸውን ወሰዱ። አባባ ግን ታሰርኩ አይሉም፤ «ዋስ ሆኜ ነው» ይላሉ።

የራት ዳቦ ከታደለ በኋላ ጠባቂዎቹ ይቀያየራሉ። የአዲሱ ተረኛ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ሲሰማ አባባ ይነሡና ጋቢያቸውን ያራግፋሉ።

«መሸ» ይላሉ። «ደኅና እደሩ።»

ሁላችንም «ደኅና ይደሩ አባባ» እንላለን። ከዳቦ ፍርፋሪ በተሠራ ጠጠር ዳማ የሚጫወቱት ያቆማሉ። የሚከራከሩት ነገ ይደርሳል ብለው ይተዋሉ። ፊታችንን በያዝነው ነገር ሸፍነን እንተኛለን። አምፖሉ እንደበራ ነው፤ ግን መሽቷል።

አንድ ማታ ተረኛው በሩን ከፈተው።

«ማነው መሸ ያለው?»

«እኔ ነኝ ልጄ።»

«እዚህ ቤት መሸም ነጋም የምንለው እኛ ነን።»

«እሺ ልጄ» አሉ አባባ ትሕትና በተሞላ ድምፅ። «እንግዲያው በሉና።»

ተረኛው አፉን ከፈተ። መሸ ቢል የአባባን ትእዛዝ መፈጸሙ ነው፤ አልመሸም ቢል ደግሞ ሰዓቱ አሥራ ሁለት ተኩል ነው። እንደ ፈተና ተማሪ አምፖሉን ቀና ብሎ አየ። በመጨረሻም «ዝም ብላችሁ ተኙ!» ብሎ በሩን ወርውሮ ዘጋው።

«ይኸው ብሏል» አሉ አባባ። «ደኅና እደሩ።»

ያን ማታ ሳቃችንን በጋቢና በኮት አፍነን ሆዳችንን አመመን። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው፣ «መምህር፣ ከብትም ሌሊት አለው፣ ተክልም ሌሊት አለው። እኛ ከጎመን እናንሳለን?» አሉኝ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የአባባ ስም ከነዕቃዎ ተብሎ ተጠራ። ዕቃቸው ጋቢያቸው ነው። እሱንም ለእኔ ሰጡኝ። «እንግዲህ ማታ ማታውን አንተ አደራ» አሉኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «እሺ አባባ» አልኩ።

ማታ ዳቦው ታደለ። ኮሪደሩ ላይ ጫማ ተሰማ። ሃያ ሁለት ሰው ወደ እኔ ዞረ። ያን ዕለት የመጣው ተረኛ ግን በዱላው የታወቀው ነበር፤ በሩን ከፍቶ ሊቆጥረን ቆመ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ለክፍል ተማሪ የጮኸው ጉሮሮዬ ተዘጋ። ጎንበስ አልኩና የጫማዬን ማሰሪያ የማስር መሰልኩ። ማሰሪያው የታሰርኩ ቀን ተወስዷል። የሌለ ማሰሪያ ሳስር ተረኛው ቆጥሮ ጨረሰ፣ በሩ ተዘጋ። ያን ቀን ሳይመሽ ቀረ። በማግስቱም አልመሸም። እስክፈታ ድረስ አልመሸም። አፍሬ ነበር፤ እስካሁንም አፍራለሁ።

አሁን የምኖረው ስዊድን፣ ስቶክሆልም ዳርቻ ኖርስቦሪ ነው፤ ከቀዩ የምድር ባቡር መስመር መጨረሻ ላይ። ዮርድብሩ በሚባል ሰፈር አንድ ላገር፣ ማለትም መጋዘን፣ ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው መጋቢት ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዞልኝ መጣ። የጎመን ዘር ነው፤ የላኩት አባባ ናቸው። ከተፈታሁ ጀምሮ በዓል በመጣ ቁጥር እደውልላቸዋለሁ። ስለዚያ ማታ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም ትንፍሽ አላልኩም። መልእክታቸው አጭር ነበር። «መምህር ይዝራት። ሲበላት ይንገረኝ።»

ሁለተኛ አደራ መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ምን እንዳደረግሁት የማውቀው እኔ ነኝ። ይቺን አደራ ብበላት አፈር ልብላ አልኩ።

ሰፈራችን አጠገብ የአትክልተኞች ማኅበር አለ። መትከያውን ፓልክራገ ይሉታል፤ ዕቃ የሚጫንበት ፓሌት ላይ የሚገጠም አራት ማዕዘን ጣውላ ነው፤ አፈር ይሞሉትና ከፍ ያለ መደብ ይሆናል። መጋዘን ውስጥ ቀን ሙሉ የማነሣው ያንኑ ጣውላ ነው። ከሥራ ወጥቼ ለመዝናናት ወደ እሱው ሄድኩ። ሁለት መደብ ጎን ለጎን ደረሰኝ። ደንቡን ያስረዱኝ የማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ዕድሜ ልካቸውን የሌሊት ነርስ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት። በስዊድንኛ አንቱታ የለም፤ እኔ ግን በሆዴ አንቱ እላቸዋለሁ።

«የመጀመሪያው ዓመት ሙከራ ነው» አሉኝ። «ቦርዱ በበጋው መጨረሻ ዞሮ ያያል። መደቡ ባዶ ከሆነ ወይም የሆነ ችግር ካለ ተራ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጣል። አንተ ግን ኢትዮጵያዊ ነህ፤ አፈር አዲስህ አይደለም።»

«አይደለም» አልኩ።

ያደግኩት ፒያሳ ነው። በሕይወቴ የተንከባከብኩት ተክል በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ ጤና አዳም ብቻ ነው፤ እሱንም ያጠጡ የነበሩት ጎረቤታችን ናቸው። ቢሆንም ከከረጢቱ ገና የወጣውን አፈር ዘገን አድርጌ አሸተትኩና ራሴን ነቀነቅኩ። ሊቀመንበሯ በአክብሮት አዩኝ።

መደቡን በስንዝር ለካሁት። እጄ ሌላ መለኪያ አያውቅም። ከድሮው ቦታዬ አንፃር ቤተ መንግሥት ነው። ይህን ሁሉ ቦታ ማባከን ግፍ ስለመሰለኝ ዘሩን አጠጋግቼ፣ ትከሻ ለትከሻ አድርጌ ዘራሁት። ግማሹን ለክፉ ቀን ቋጥሬ አስቀመጥኩ። በሁለት ሳምንት መደቡ አረንጓዴ ምንጣፍ ሆነ። ለባለቤቴ ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት። አረጋውያንን ቤታቸው እየሄደች የምትንከባከብ ሴት ናት፤ ለመደነቅ ጊዜ የላትም። «ሣር ነው?» ብላ መለሰችልኝ።

ሊቀመንበሯም አዩት።

«ከአራቱ ሦስቱን ንቀል» አሉ።

«የትኞቹን?»

«ደካሞቹን።»

ተንበርክኬ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ። አንዱን እይዛለሁ፣ ደግሞ እለቀዋለሁ። አንድ ሰው ስሙ ተጠርቶ ከነዕቃው ሲወጣ የቀሩት ሰዎች እንዴት እንደሚያዩት የሚያውቅ ሰው ጎመን ማሳሳት አይችልም። በመጨረሻ አንዷን ጭርንቁስ ነቀልኩ። ወዲያው ጸጸተኝና ጥግ ላይ መልሼ ተከልኳት። ሊቀመንበሯ ከወዲያ ማዶ እያዩ ነበር። ይህ የኢትዮጵያ አስተራረስ ይሆናል ብለው ይመስለኛል ወደ ቲማቲማቸው ዞሩ።

በሰኔ ጉዱ ወጣ። ጎመኑ ቁመቱ ድንገት ተመዘዘ፣ ቢጫ አበባም ፈነዳ። ቅጠሉ የአይጥ ጆሮ ያህላል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ፎቶ ያነሣል። እኔ አበባ ሳይሆን ወጥ ነበር የፈለግሁት።

«ዘሩ ከየት ነው?» አሉ ሊቀመንበሯ።

«ከሆለታ፤ አዲስ አበባ አጠገብ ነው።»

«እዚያ በሰኔ መቼ ይጨልማል?»

«እንደ ሁልጊዜው ነው። ማታ አንድ ሰዓት ግድም።»

«እዚህስ?»

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ክብ እየሳልኩ፣ መሬት ዘንበል ብላ እንደምትዞር፣ ወደ ሰሜን በተሄደ ቁጥር የሰኔ ቀን እንደሚረዝም አስተምሬያለሁ። በዚህ ጥያቄ ተማሪ ጥያለሁ። አሁን ስቶክሆልም ላይ፣ ጨለማ የሚባል ነገር በጠፋበት ወር፣ አንዲት ነርስ ያንኑ ጥያቄ ጠይቃ ጣለችኝ።

«ጎመንህ ሌሊት አጥቷል» አሉ። «ቀኑ ሲረዝምበት ጊዜዬ አለቀ ብሎ ዘር ለማፍራት ይሮጣል።»

አባባ «ተክልም ሌሊት አለው» ያሉት ትዝ አለኝ። ጎመኑን አየሁት። ለአንድ ወር ተኩል አምፖል ሥር አስቀምጬዋለሁ። እኔ ነኝ ተረኛው።

አበባውን ነቅዬ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩትን ዘር ዘራሁ፤ ከዚህ በኋላ የቀረ የለም። ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን የአባባን ጋቢ አምጥቼ መደቡን ሸፈንኩት። ሁለቱ መደቦች ጎን ለጎን ሲሆኑ የሰው ቁመት ያህላሉ። በዚያ የሚያልፍ አንድ ያገር ሰው ቆሞ አማተበ።

«ነፍስ ይማር» አለኝ። «ማን ነው?»

«ጎመን ነው» አልኩት። አላመነኝም።

ጋቢው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከመጋዘን የተጣለ ጥቁር ሸራ ለምኜ አመጣሁ። በቆርቆሮ ቅስት ደግፌ፣ አራቱን ማዕዘን በድንጋይ አስያዝኩት። የቀረው ችግር ጠዋት ነው። እኔ በአሥራ አንድ ሰዓት ወደ ሥራ እወጣለሁ፤ ሸራው የሚነሣው አንድ ሰዓት ነው።

«እኔ አነጋለታለሁ» አሉ ሊቀመንበሯ። «ሠላሳ ዓመት ሰው ሳስተኛና ስቀሰቅስ ኖሬያለሁ።»

እንዲህ ሆነን እሳቸው ሲያነጉ እኔ ሳመሽ ሐምሌ አለቀ። ባለቤቴ በየማታው ራት ትቼ ስወጣ፣ «ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ለእኔ መብራት አጥፍተህልኝ ታውቃለህ?» ትለኛለች። አላውቅም።

በነሐሴ መግቢያ ከማኅበሩ ደብዳቤ መጣ። በመደቤ ላይ ስለሚሸፈነው ተክል ከአባላት ጥያቄ ስለቀረበ ቦርዱ ማክሰኞ ማታ መጥቶ ያያል፤ መደቡ እኔ ጋ ይቆይ አይቆይ ያኔውኑ ይወስናል ይላል።

«ስቲረልሰው፣ ቦርዱ ሁሉ ነው የሚመጣው» አለች ባለቤቴ ደብዳቤውን እያነበበች። «ሃሺሽ የምታበቅል መስሏቸዋል።»

«ጎመን እኮ ነው!»

«ለእነሱ ንገር። በቀን ለአሥራ ሁለት ሰዓት በጨለማ እየተሸፈነ የሚበቅለው እሱ ነው አሉ።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«አውቶቡስ ውስጥ ሁለት አሮጊቶች ስለ አንተ ሲያወሩ ሰማሁ። አዘኑልህ ደግሞ፣ ጨዋ ይመስል ነበር እያሉ።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ። ማክሰኞ ከሥራ ስገባ ሁለት ሱሪ ደርቤ ለበስኩ፤ ሁለት ካልሲም። የጥርስ ብሩሼን ኪሴ ከተትኩ። ማሰሪያ የሌለው ጫማ መርጬ አደረግኩ፤ መወሰዱ ላይቀር ለምን እለፋለሁ? ባለቤቴ በሩ ላይ ሆና ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ለጎመን ብለህ ነው የምትታሰረው?»

«ልማድ ነው» አልኩ። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቆመችና ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ።

አንድ ሰዓት ላይ መደቡን ሸፈንኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ቦርዱ መጣ። ሊቀመንበሯ፣ ወረቀት የያዘ ረጅም ሰውዬና አንዲት ዝምተኛ ሴት ናቸው። ሊቀመንበሯ ጎመን ነው ብለው ነግረዋቸዋል፤ ደንቡ ግን በዓይን ይታይ ይላል። ፀሐይዋ ከፎቆቹ በላይ ናት፤ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። በሁለት ሱሪዬ ውስጥ እየተቀቀልኩ ነው።

«ከሥሩ ያለውን ብናይ ቅር ይልሃል?» አለ ሰውዬው። በጣም ጨዋ ነው። ዱላ የለውም፤ የያዘው እስክሪብቶ ነው። ቢሆንም እግሬ በራሱ ጊዜ ተጋጠመ፣ እጄም ወደ ኋላዬ ሄደ።

ሸራውን መግለጥ ቀላል ነው። አንድ ድንጋይ ማንሣት ነው። ቢገለጥ ጎመን ያያሉ፣ ይስቃሉ፣ መደቡ ይቀርልኛል። እንቢ ብል ግን በሙከራ ዓመቴ፣ ተጠርጥሬ፣ ሸራ ሥር የምደብቀው ነገር እንዳለኝ ሰው መቆሜ ነው፤ የአባባ የመጨረሻ ዘርም ከመደቡ ጋር ይሄዳል። ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። እንዲህ ያለውን ዓይን አውቀዋለሁ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ። ማሰሪያ የለውም። የማስረው ነገር ስላልነበረ ቀና አልኩ።

«መሽቷል» አልኩ።

ሰውዬው ፀሐይዋን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ። «ይቅርታ፣ አልገባኝም።»

«እዚህ ውስጥ መሽቷል። ተኝተዋል። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ኑ፤ ከሥራ አስፈቅጄ ራሴ እከፍትላችኋለሁ።»

«ለአንድ ደቂቃ ብቻ…»

«አይሆንም።»

ይህን ቃል በስዊድንኛ ከፊቱ ይቅርታ ሳልጨምር ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሰውዬው ወደ ሊቀመንበሯ ዞረ። እሳቸው ሸራውን አዩ፣ ከዚያ ሠላሳ ዓመት በኮሪደር የኖረ ድምፃቸውን አወጡ።

«የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል» አሉ። «ነገ ጠዋት እንመለሳለን።»

ሰውዬው ወረቀቱን አጠፈ። የሌሊት ነርስን የሚከራከር ሰው እስካሁን አላየሁም።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ድንጋዮቹን አንሥቼ ሸራውን ገለጥኩት። እርጥብ አፈር ሸተተን። ጎመኑ ቅጠሉ መዳፍ ያህላል፣ አንድ አበባ የለውም፤ ትከሻ ለትከሻ እንደተጋፋ ቆሟል። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ከአንዱ ጫፍ ቆረሰና አኘከው።

«ጎመን ነው» አለ። ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ። ወረቀቱ ላይ «ጸድቋል፤ ግን እጅግ ስለተጠጋጋ ይሳሳ» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ፊርማው አይነበብም፤ ብልህ ሰው ነው።

ያን ዕለት ማታ ባለቤቴ ጎመኑን በቃሪያ ሠራችው። ሁለተኛ ሳህን ስታነሣ ሣር ያለችውን አላስታወስኳትም። ከራት በኋላ መደቡ ጋ ቆሜ ለአባባ ደወልኩ። ስለ ጎመኑ ልነግራቸው ነበር የደወልኩት፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። ስለዚያ ማታ ነገርኳቸው፤ ስለ ጉሮሮዬ፣ ስለሌለው ማሰሪያ፣ እስክፈታ ድረስ ስላለመምሸቱ።

«መምህር» አሉ አባባ። «እኔም እኮ የምፈራበት ቀን ነበር። ስፈራ ቀደም አድርጌ ነው መሸ የምለው፤ ተረኛው ሳይደርስ።»

«ይህን ነግረውኝ አያውቁም!»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ይልቅ ጎመኗን በላሃት?»

«አሁን በላኋት አባባ። ሥጋ ግን አልነበራትም።»

«ጎመን በጤና ነው» አሉ። ከጀርባቸው ውሻ ይጮሃል፣ በር ሲዘጋ ይሰማል። «እዚህስ መሽቷል። ወዲያ እናንተ ጋስ?»

ቀና አልኩ። ፀሐይዋ ፎቆቹ ላይ ተደላድላ ተቀምጣለች። ወዲያ ማዶ ሊቀመንበሯ ቲማቲማቸውን ያጠጣሉ፤ ልጆቹም ኳሳቸውን አላቆሙም።

«እዚህም መሽቷል አባባ» አልኩና በአንድ እጄ ሸራውን ጎተትኩ። አራቱን ድንጋይ በየቦታቸው አስቀመጥኩ። «ደኅና እደሩ» አልኩ ጮክ ብዬ፤ ለእሳቸውም፣ ለጎመኑም፣ ለሃያ ሁለቱም።